የአራተኛው ዘፈን አሥራ አንድ ደቂቃ

ግቢ፣ ግቢ ነፃነት! ጫማሽን ተይው፣ አታውልቂ፤ የወንደላጤ ቤት እንኳን በጫማ በፈረስ ቢገቡበትም አይከፋው። ዓሊዪስ? ባጃጁን ጥላው ስር አቁሞ ይግባ እንጂ፣ በዚህ ፀሐይ ምን ያስቀምጠዋል... እሺ፣ ስልክ ላይ ከሆነ ይጨርስ። ነይ እዚህ ተቀመጪ። ከሶፊ ወረዳ ጊሽጣ መጥቶልኛል፣ አንድ ቅመሺ። እናትሽ እንዴት ናቸው፣ ጉልበታቸው ተሻላቸው? መብራትስ እናንተ ሠፈር እንዴት ነው? እዚህ ፈላና በር ትናንት ጠዋት ሄዶ ዛሬ ጠዋት ነው የመጣው፤ የት አደርክ ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም።

ስፒከሮቹን ነው? ለነገው ዝግጅት? አቦ፣ ምን ችግር አለው! ሁለቱንም ውሰጃቸው። እኔ እንኳ ወንድምሽ ራሱ ብቅ የሚል መስሎኝ... አይ፣ ይገባኛል። በቴሌግራም አሥራ አራት ሺህ ሰው የሚጠብቀው ሰው ለስፒከር ብሎ ፈላና በር ድረስ አይመጣም። እህት የተፈጠረችው ለመቼ ነው? ደግሞ አንቺን መላኩ ትልቅ አክብሮት ነው፤ ባለፈው ለኬብሉ የላከው ዓሊዪን ብቻ ነበር።

እነዚህን ገመዶች እስክጠቀልል ታገሺኝማ። እስከዚያ ዝም ከምንል አንድ ጨዋታ ላጫውትሽ። ስለ ወንድምሽ እንዳይመስልሽ! ወንድምሽን አንስተሽ እዚያ መደርደሪያ ላይ አስቀምጪው። ይሄኛው አንቺ የማታውቂው ሰው ነው። ስሙን አልጠራም፤ ስም ከተጠራ ሐሜት ይሆናል። እኔ የማወራሽ ምስጋና ነው።

ግን መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልንገርሽ፣ ያለዚያ የሰውዬው ትልቅነት አይታይሽም። አንቺ የምታውቂው ኤልሳዕ፣ የጂኦግራፊ መምህሩ፣ እሁድ እሁድ ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን የሚሳለመው፣ የዕድሩ ጸሐፊ... በአርባ ሦስት ዓመቱ ቤቱ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ምን እንደሚያደርግ ታውቂያለሽ? ሰው ሲያጓራ ይሰማል። ሜታል። ያውም ቀለል ያለውን አይደለም፤ የመጨረሻውን፣ የጽንፈኛውን። ጊታሩ ወፍጮ ቤት ነው፣ ከበሮው የሚያሳድደው ያለ ይመስል ይሮጣል፣ ዘፋኙ ደግሞ... ዘፋኝ እንበለው ግዴለም፣ ጉሮሮው ላይ አጥንት የቆመበት ሰው ነው። የባንዱን ስም ሽፋኑ ላይ ሲጽፉት የቆንጥር አጥር ይመስላል፤ አንዱን አንብቤ ለመጨረስ ወር ፈጅቶብኛል። እኩዮቼ ልጆቻቸውን ዩኒቨርሲቲ ያስገባሉ። እኔ ያሳደግኩት ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ባንድ ነው፤ አንዱም አይጦረኝም።

ሠፈሩ ስንቱን ችሎኛል መሰለሽ! ሀናን፣ ይቺ ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ፣ አንድ ቀን በሩን አንኳኩታ "ኤልሳዕ፣ ወላሂ ይሄ በሬ ተሠቃየ! ማነው የሚያርደው? ቢስሚላሂ ተብሎበታል?" አለችኝ። በሬ አይደለም፣ ስዊድናዊ ነው፣ እየዘፈነ ነው ብላት ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሳምንቱን ሙሉ ሾርባ ስትልክልኝ ከረመች። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ እነዚህን ስፒከሮች ጸበል ረጭታቸዋለች። ግራኛው ከዚያ ወዲህ እንዲያውም ድምፁ ጠራ። ጅቡን በእጁ የሚያጎርስ ከተማ ነው ይሄ፣ ጅብ ሲጮህ ማንም አይደነግጥም። እኔ ስከፍት ግን መስኮት ሲዘጋ እሰማለሁ።

ታዲያ ለምን ቀንሰህ ብቻህን አትሰማም ትይኝ ይሆናል። የዚህ በሽታ ክፋቱ እዚያ ላይ ነው! አንድ አልበም አግኝቼ "ይሄን ስማ" የምለው ሰው ካጣሁ እህል አይወርድልኝም። ግርማን፣ የፊዚክሱን፣ የመምህራን ክፍል ውስጥ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ሰክቼለት "ስልክህ ቫይረስ ገብቶበታል፣ ቶሎ አሳየው" ብሎ መለሰልኝ። ለንስሐ አባቴ ሳይቀር አሰምቻለሁ፤ ድፍረቴን እይልኝ። ትንሽ ሰምተው "ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?" አሉኝ። "አጋንንት እንዴት እንዳሠቃዩት እየዘፈነ ነው አባ" አልኳቸው። "ታዲያ መዝፈኑን ትቶ ለምን ጸበል አይሄድም?" አሉኝ። 

ሰው ሳጣ ደብተር ያዝኩ። ሽፋኑ ላይ "ጆሮ በር" ብዬ ጻፍኩበት። ለሐረር አምስቱ በር አነሳትና እኔ ስድስተኛ ልጨምርላት! ለእያንዳንዱ አልበም አንድ ገጽ፤ የት እንዳገኘሁት፣ ምን እንደተሰማኝ፣ መጨረሻ ላይ ፍርድ። ፍርዱ ሦስት ዓይነት ነው፤ "ስሙት"፣ "ሁለቴ ስሙት"፣ "ብቻችሁን ስሙት"። ማን ነው የሚሰማው? ደብተሩን ከእኔ ሌላ የነካው በረሮ ብቻ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው በሌለበት በብዙ ቁጥር ስመክር ኖርኩ።

በኋላ ይሄ ሰው መጣ። ፎቶኮፒ ቤት ነበር የሚሠራው፣ አዲሱ ከተማ፣ እኔ ፈተና የማባዛበት ቤት። ወንድምሽም አንድ ሰሞን ፎቶኮፒ ቤት ሠርቷል አይደል? አየሽ፣ አገሩ ጠባብ ነው፣ ሁሉም ሰው አንድ ሥራ ነው የሠራው። እና ወረቀቱ እስኪወጣ ድረስ የጆሮ ማዳመጫዬን አውልቄ ሰጠሁት። እንደ ግርማ ወርውሮ የሚመልስልኝ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ ጠበቅኩ። አልመለሰልኝም። ዘፈኑ እስኪያልቅ ማሽኑን ተደግፎ ቆመ፤ አርባ ኮፒ ያዘዝኩት መቶ ሃያ ወጣ። ከዚያ ቀና ብሎ "ጋሼ፣ ሌላ አለ?" አለኝ።

ሌላ አለ ወይ! ነፃነት፣ እውነቴን ነው፣ ሰው እንደዚያ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ያኔ ሠላሳ አምስት ዓመቴ ነበር፣ እንደ ልጅ እየሮጥኩ ነው ቤቴ የመጣሁት።

ከዚያ ስድስት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ አሁን አንቺ የተቀመጥሽበት ላይ ይቀመጥ ነበር። አንድ አልበም ከዳር እስከ ዳር እንሰማለን፤ ሲያልቅ መጀመሪያ እሱ ይናገራል፣ ቀጥዬ እኔ። "ብቻችሁን ስሙት" ያልኳቸውን ግን አብረን አንሰማም፤ ሕግ ነው። እነዚያን በየቤታችን ሰምተን በሚቀጥለው ቅዳሜ እንጫወታለን። ሞኝ ነኝና እየተማረ መሰለኝ። እየተማረም ነበር። ምን እየተማረ እንደሆነ ነው ሳልጠይቀው የቀረሁት።

ሁለት ዓመት ሆነው፤ "ጋሼ፣ ደብተሩን ለአንድ ሳምንት" አለኝ። ሰጠሁት። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ... እኔ ይሄ ተረት ጨካኝ ይሆንብኛል። ባለቤቱን ካልወደዱ ቢባል ምን አለበት? እሱማ ወዶኝ ነው አጥሩን ነቅሎ የሄደው። ደብተሩ በሳምንቱ አልመጣም፣ በወሩም አልመጣም። ቅዳሜም ቀረ። "ሥራ በዛ፣ ጋሼ፣ ሥራ በዛ" ይለኛል። በሁለተኛው ወር ግን ደብተሬ መጣልኝ፣ በስልኬ! በቴሌግራም፣ በየሁለት ቀኑ አንድ ገጽ። የቻናሉን ስም ጠይቂኝ እስቲ። "ጆሮ በር"።

እንዴት ያለ ታማኝ ሰው መሰለሽ! አንድ ፊደል አላጠፋብኝም። ነጠላ ሰረዜን እንኳ የተውኳት ቦታ ላይ አገኘኋት። ሌላ ሌባ... ይቅርታ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ያሻሽላል፣ ይቀጥላል፣ የራሱን ሐሳብ ጣል ያደርጋል። እሱ የራሱ የሆነ ምንም ነገር አልጨመረበትም፣ ከስሙ በቀር። የፎቶኮፒ ሥራን እንዲህ ያከበረ ሰው አላየሁም።

ደግሞ ተሳካለት! እኔ አሥራ ሁለት ዓመት ለበረሮ የሰበክሁትን እሱ በሁለት ዓመት ለአሥራ አራት ሺህ ሰው አዳረሰው። እኔ ብጽፈውማ ማን ያነብልኛል? ሜታል ፀጉር ይፈልጋል፤ የእኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው ተሰናብቶኝ የሄደው። እሱ አሳድጎ እስከ ትከሻው አድርሶታል። ጥቁር ቦት ጫማ አለው፣ በሐረር ሙቀት! ሰው ባለው ይሰለፋል። የሌለው ደግሞ በጎረቤቱ ይሰለፍ እንጂ፣ ምን ያድርግ? ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የሐረር ጅብ ግን የት ያስሄደዋል? በሚያውቁት አገር ተቀምጦ፣ እኔው ራሴ አነጠፍኩለት።

አንድ ጊዜ ምን አደረግኩ መሰለሽ፣ አትሳቂብኝ። ስሜን ለውጬ ቻናሉ ላይ ገባሁ። አንዱ አልበም ስር "ከበሮው ትንሽ ሳይበዛበት አይቀርም" ብዬ ጻፍኩ። አንድ ተከታይ ምን አለኝ? "አንተ ስለ ሜታል ምን ታውቃለህ? መጀመሪያ የመምህራችንን ጽሑፍ በደንብ አንብብ!" አነበብኩ። የኔ ነው። ልጁ ልክ ነበር፣ ከበሮው አልበዛም። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ።

ሌላውን ልንገርሽ። አንዱን ገጽ እንዲህ ብዬ ጽፌው ነበር፤ "ክረምት ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮዬን ሲደበድበው የቱ ከበሮ የቱ ዝናብ እንደሆነ ጠፋኝ። አልጋዬ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።" ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል፤ ይሄ መላጣ ሽማግሌ አልጋ ላይ ሲነፋረቅ! እሱ ግን ሳያፍር አወጣው። የሚኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከላዩ ሁለት ቤተሰብ አለ። ዝናቡ ሁለቱን ቤተሰብ አልፎ እሱ ጋ ሲደርስ ቆርቆሮ ከየት እንዳገኘ እግዜር ይወቀው። ስምንት መቶ ሰው የልብ ምልክት አደረገለት። ያኔ ለእኔ ያዘነልኝ ጣሪያው ብቻ ነው፣ ያውም እያፈሰሰ።

ባለፈው ደግሞ ከአዲስ አበባ በሬዲዮ ጠየቁት። "ይህን ሙዚቃ ማን አስተዋወቀህ?" አሉት። እኔ እዚህ ወንበር ላይ ሻይ ይዤ ጆሮዬን ሬዲዮኑ ላይ ለጥፌያለሁ። "ማንም። ብቻዬን ፈልጌ ነው ያገኘሁት" አለ። ድምፁ ሲያምር! ትንሽም አልተንቀጠቀጠ። ቀናሁ አልልሽም... ቀንቻለሁ እንጂ፣ አንቺን ምን እዋሻለሁ። ያመመኝ ግን ቅናቱ አይደለም። ስሜን አይጥራ፣ "አንድ መምህር" ቢል ምን ይጎድልበት ነበር? ስድስት ዓመት ቅዳሜ፣ አንዲት ቃል አታወጣም? ሻዩን ሳልቀምሰው ቀዘቀዘና ደፋሁት።

ያቺን ስፒል አቀብይኝ፣ እዚያ መስኮቱ ላይ። እግዜር ይስጥልኝ። የግራኛው ሽቦ ይላላል፣ ለወንድምሽ ንገሪው።

አሁን ወደ አራተኛው ዘፈን ልምጣልሽ፤ ጨዋታው ያለው እሱ ላይ ነው። ሞርግሩን የሚባል የኖርዌይ ባንድ አለ። ሁለት አልበም አወጡና ጠፉ። ሁለተኛውን ያገኘሁት የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት፣ በዚያ በኢንተርኔት ቤት ዘመን ነው። አንድ ዘፈን ለማውረድ አንድ ከሰዓት በኋላ የሚፈጅበት ጊዜ። ሦስቱ በሰላም ወረዱ። አራተኛው ሲወርድ መብራት ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ... ብቻ እንደምንም ወረደ። ቤቴ መጥቼ ከፈትኩት። ጭርርርር... ከዚያ ጸጥታ... ጠቅ፣ ጠቅ... ከዚያ እንደገና ጭርርርር። አሥራ አንድ ደቂቃ።

ሌላ ሙዚቃ ቢሆን፣ የትዝታ ካሴት ቢሆን፣ አንቺም ዓሊዪም "ተበላሽቷል" ብላችሁ ታወጡት ነበር። የሜታል ሰው ግን ተበላሽቷል የሚባል ነገር አያውቅም፤ ከዚያ የባሰ ሆን ተብሎ ተሠርቶ ሰምቷላ! እኔማ ተንበረከክሁ። ለሌላው አንድ ገጽ የሰጠሁት ሰውዬ ለዚህ ሁለት ገጽ ጻፍኩለት። "ዘፋኙ የራሱን ድምፅ ከነሕይወቱ ቀበረ" አልኩ። "ከዚህ ወዲያ ሙዚቃ የለም" አልኩ። ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱም በላይ አስቀመጥኩት። ፍርድ፤ ብቻችሁን ስሙት።

ለዚያ ሰውም ቅዳሜ ቅዳሜ በምንገናኝበት ጊዜ ነገርኩት። ፍላሽ ልስጥህ ስለው "ተወው ጋሼ፣ ኢንተርኔት ላይ አገኘዋለሁ" አለኝ። በሳምንቱ "ሰማኸው?" አልኩት። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "ጋሼ... ቃል የለኝም" አለ። እኔም ቃል የሌለው ስለተነካ መሰለኝ።

ባለፈው ወር ነው እንግዲህ። ኢንተርኔቱ ደህና የሆነ ዕለት ምን ትዝ እንዳለኝ እንጃ፣ ያንን አልበም በስልኬ ከፈትኩት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እንደማውቀው ነው። አራተኛው ላይ አንድ ሰው ለስለስ ያለ ጊታር ይዞ ልጅ ያስተኛል። እሹሩሩ ነው ነፃነት! የኖርዌይ እሹሩሩ፣ ሦስት ደቂቃ! ስልኬ ነው የተበላሸው ብዬ አጥፍቼ አበራሁት። ልጁ አሁንም አልተኛም። ከሌላ ቦታ ፈልጌ ከፈትኩ፤ እሹሩሩ። ያኔ ገባኝ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰገድኩት ለመብራት መቆራረጥ ነው።

እዚሁ ብቻዬን ሳቅሁ። ሆዴን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ። ከዚያ ይሄን የምነግረው ሰው ፈለግሁ። በዓለም ላይ ይሄ ሳቅ የሚገባው አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው፤ ሀናን አትስቅበት፣ ግርማ አይስቅበት። ስልኬን አንስቼ ደወልኩለት። ቂም አልነበረኝም በዚያች ሰዓት፣ ደብተሩም ሬዲዮኑም ተረስተውኝ ነበር። አላነሳም። ደግሜ ደወልኩ። አላነሳም። መልሶም አልደወለም።

እና ስልኩን አስቀምጬ ስቀመጥ ነው ሌላው ነገር የገባኝ። ይሄ ሰው ኢንተርኔት ላይ አገኘዋለሁ ብሎኝ አልነበር? አንዴ፣ አንዲት ጊዜ እንኳ ቢከፍተው ኖሮ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ "ጋሼ፣ ያንተ ፋይል ተበላሽቷል፣ ይሄ እሹሩሩ ነው" ይለኝ ነበር። ከዚህ ሁሉ ጅልነት ያድነኝ ነበር። እጁን ደረቱ ላይ ያደረገው ለዚያ ነው ለካ፤ ልቡ እንዳይሰማበት።

በሳምንቱ ምን ቢያወጣ ጥሩ ነው? የአራተኛውን ዘፈን! ሁለቱንም ገጽ። ከላይ ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሮበታል፣ የመጀመሪያዋ የራሱ ድርሰት፤ "ከመቶ ጊዜ በላይ ሰምቼዋለሁ።" እንኳን ደስ ያለህ አልኩት በልቤ፣ መጻፍ ጀመረ። አንድ ተከታይ በትሕትና ጠየቀው፤ "የምትለው ጸጥታ የቱ ጋ ነው? እኔ የሰማሁት ለስላሳ ዘፈን ነው።" ምን ቢለው ጥሩ ነው? "ጆሮ ያለው ይስማ!" ከዚያ ጆሮ ያለውን ሰው ከቻናሉ አስወጣው።

አይገርምሽም፣ ይሄም ሰው ነገ ዝግጅት አለው! በዘጠኝ ሰዓት፣ አዲሱ ከተማ፣ የወንድምሽ ዝግጅት ባለበት አዳራሽ። በተመሳሳይ ሰዓት አንድ አዳራሽ እንዴት እንደሚካፈሉት እንጃ፣ ይስማማሉ ብዬ አስባለሁ። ከድሬዳዋ በሚኒባስ የሚመጡ አሉ ሲሉ ሰማሁ። ማስታወቂያው ላይ ምን ይላል? "መብራት አጥፍተን አሥራ አንዱን ደቂቃ አብረን እንሰማለን። ልቡ ደካማ የሆነ እንዳይመጣ።" እስቲ አስቢው። መብራት ይጠፋል። ሰማንያ ሰው ጥቁር ለብሶ ትንፋሹን ይውጣል። ከእኔ ስፒከር፣ እናቴ ጸበል ከረጨችው ስፒከር... እሹሩሩ ይወጣል። ሰማንያ ጎረምሳ በኖርዌይኛ ሲተኛ ይታይሻል?

ምን አገባኝ? ስፒከሩን አስረክቤ ዝም ማለት እችላለሁ። ሦስት ቀን አስቤበታለሁ። ክፍል ገብቼ ስለ ዝናብ አፈጣጠር ሳስተምር ያ ጨለማ ትዝ ይለኝና ብቻዬን ፈገግ እላለሁ፣ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው ይላሉ። እኔ ግን መች መከርኩት? ደወልኩለት እንጂ። ያልተመከረ ሰው መከራ ሲመክረው ቁጭ ብዬ ልይ ብል ደግሞ አልሆነልኝም። ደካማ ነኝ። የፊቱን ሁኔታ ማሰብ አልቻልኩም፤ ያ ፎቶኮፒ ማሽን ተደግፎ የቆመው ፊት ነዋ።

ስለዚህ እንቺ፣ ይቺን ፍላሽ ያዢ። ከስፒከሩ ጋር አብራ የምትሄድ ናት በይ። ውስጧ አንድ ፋይል ብቻ ነው ያለው፣ አሥራ አንድ ደቂቃ፤ የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት የወረደው ራሱ። ከኢንተርኔት እንዳይከፍት፣ ከዚች ይክፈት። ጭርርሩም፣ ጸጥታውም፣ ጠቅ ጠቁም በየቦታው አለ። ሕዝቡ የተነገረውን ይሰማል፤ የሚያለቅስም አይጠፋም፣ እኔ አልቅሼበት የለም? ማንም አያውቅበትም። እኔ አውቃለሁ... እሱም ፍላሿን ሲያይ ማወቄን ያውቃል። ከቻለ ግን ነገ ከሰማንያው ሰው ጋር ይስማው። አንደኛ ጊዜው ነው፣ መቶ አንደኛ ይበለው ግዴለም።

ምን ሆንሽ፣ ጊሽጣውን አስቀመጥሽው? ለወንድምሽ ነው የምትሰጪው፣ አዎ፤ እሱ ለዚያ ሰውዬ ያደርስለታል፣ አይጠፋፉም። ለምን ቀላሽ? ስለ ወንድምሽ አይደለም አልኩሽ እኮ! ወንድምሽማ መደርደሪያው ላይ ነው፣ ከተቀመጠ አልተነካም።

አይ፣ እኔ አልመጣም። ወንበር ይዞልኛል? ከፊት ረድፍ? አደራ፣ ለሌላ ሰው ይስጡት፤ ከድሬዳዋ መጥቶ የሚቆም እንዳይኖር። እኔ ነገ የማርመው ፈተና አለብኝ፣ ሁለት ክፍል ሙሉ። ዓሊዪ! ና እስቲ አግዘኝ! ቀስ... ቀስ፣ ከስር ያዘው፣ በወንበሩ ላይ አስተኛው። ገመዱ በከረጢቱ አለ። ሲጨርሱ መቼም ይመልሷቸዋል፤ ባይመልሷቸውም ሀናን ታርፋለች።

በይ ደህና ሁኚ የኔ እህት። እናትሽን ሳሚልኝ። ያንን ሰውም ካገኘሽው፣ ጋሼ መርቆሃል በይው። ከልቤ ነው፣ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጠው። ስሙን ከዚህም በላይ ያግንነው። ፀጉሩ ሲመለጥ፣ ጉልበቱ ሲደክም፣ ሰው ሲሸሸው ደግሞ ብቻውን አይተወው፤ እንደ ልጁ የሚቀርበው፣ "ጋሼ፣ ሌላ አለ?" እያለ እግሩ ስር የሚቀመጥ፣ ያለውን ሁሉ አምኖ የሚያስረክበው አንድ ደቀ መዝሙር ያምጣለት... ቁርጥ እሱን የመሰለ።